የቀሩትም ሰዓሊዎች ናቸው፦ ስለ ሰሜን ሸዋ የሥነ ጥበብ ሰዎች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሰሜን ሸዋ ሰዓሊዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው በጥሩ አማርኛና በትሕትና የጻፉ ሰው ናቸው፤ ሐሳባቸውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ፍሬ ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሰሜን ሸዋ የአራሽና የተኳሽ፣ የካህንና የመኳንንት አገር እንጂ የሰዓሊ አገር ሆኖ አያውቅም፤ ከዚያ ወጥተው ስም ያተረፉትን ሰዓሊ ያደረጋቸው የውጭ አገር ትምህርት ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ የምናየው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ግልባጭ ነው፤ ባናው (ከበግ ሱፍ የሚሠራው ብርድ ልብስ)፣ ስፌቱና ሸክላው ሙያ እንጂ ጥበብ አይባልም፤ ዛሬ በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ተቀምጠው የሚሥሉትም አዲስ አበባ መግባት ያቃታቸው፣ ስማቸውን የሚያውቅ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኑሮዬም ደብረ ብርሃን የሆነ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አንሥቼ የማውቀውን ልናገር።

ከታሪኩ እጀምራለሁ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሲሆኑ፣ ከዘመነ መንግሥታቸው የመጨረሻዎቹን ከ10 የሚበልጡ ዓመታት የኖሩትም በዚህችው ከተማ ነው። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ለእመቤታችን ሥዕልም ክብርና ስግደት እንዲሰጥ አጥብቀው ያዘዙ ንጉሥ እርሳቸው ናቸው፤ በገበታ ላይ የሚሣል የእመቤታችን ሥዕል በአገራችን ጎልቶ የወጣውም በእርሳቸው ዘመን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ሥራው የሚታወቀው ፍሬ ጽዮን የሚባለው መነኩሴ ሰዓሊም የዚያው ዘመን ሰው ነው። ፍሬ ጽዮን የሸዋ ሰው ነበር አላልኩም። ያልኩት፣ ያን የሥዕል ዘመን ያመጣው ንጉሥ ዙፋኑን የተከለው ጸሐፊው «የአራሽና የተኳሽ አገር» ባሉት ምድር ላይ መሆኑን ነው።

ጸሐፊው ለክርክራቸው ማስረጃ ያደረጉት ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለውን ጀርመናዊ ሰዓሊ ነው። በእርግጥ በርናትስ እ.ኤ.አ. በ1841 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ከመጣው ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሀሪስ ጋር ሸዋ ገብቶ አንኮበርንና አካባቢዋን ሥሏል፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ ታትመዋል። ለእኛ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የዚያን ዘመን አንኮበር እንደ እርሱ አድርጎ ያስቀረልን ጥቂት ነው። ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «አንኮበርን ሰዓሊ ያያት ያን ጊዜ ነው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በርናትስ ሲመጣ በየደብሩ ብራና የሚፍቁ፣ በመጽሐፍ ራስጌ ሐረግ የሚጥሉ፣ ግድግዳ የሚሥሉ ሰዎች ነበሩ። በርናትስ ተራራውንና ገበያውን የሣለው የመጣበት ጉዳይ እርሱ ስለነበረ ነው፤ የእኛዎቹ የታዘዙት ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። በየቦታው ያሉትን የቆዩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕሎች ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ደግሞ የፈረሱ እቃ፣ የጦሩ አያያዝ፣ የካባው አጣጣል የዚሁ አገር ነው። አገሩን በቅዱሱ በኩል ሥለውታል።

ሁለተኛው ነጥብ በትምህርት ላይ የተነሣው ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ፤ ይህን ጸሐፊውም አልካዱም። «ሰዓሊ ያደረጋቸው ግን ለንደን ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ነገር ዘልለዋል፤ አፈወርቅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንጂ ሥዕል እንዲማሩ አልነበረም። ተሰጥኦአቸውን አይተው ወደ ሥነ ጥበብ እንዲያዘነብሉ ያበረታቷቸው እዚያ ያገኟቸው መምህራን ናቸው። መምህር የሚያየው ደግሞ ያለውን ነው፤ ከአገሩ ይዞት የሄደውን። በኋላም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ የአውሮፓን ዘዴ ብቻ ይዘው አልተመለሱም። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ሥዕል ያለባቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች ለይተው አጥንተዋል፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱም የየክፍለ ሀገሩን ታሪክና ባህል ለማወቅ ተዘዋውረዋል። አንድ የአንኮበር ልጅ የአገሩን ብራና ባሕር ማዶ ሄዶ ለማየት መገደዱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ግን ሄዶ ያየው የራሱን ነው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልና የወደፊት ተስፋ የሚያሳየውን የመስታወት ሥዕል ቆሞ ያየ ሰው፣ ደፋር ጥቁር መስመር የከበበው ቀለም፣ ትልልቅ ዓይኖችና ፊት ለፊት የሚመለከቱ ሰዎች ከየት እንደመጡ ለመጠየቅ ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። የደብረ ሊባኖስ ቤተ ክርስቲያን የመስታወት ሥዕሎችም የእርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሥራቸው ወደ ወጡበት ምድር ተመልሷል።

ደብረ ሊባኖስን ሳነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ በአማራ፣ አንዱ በኦሮሚያ ክልል ነው። ጸሐፊው ያዩት አንዱን ብቻ ነው። በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ያለውን ሰላሌን ብናስገባ ግን ፍቼ ላይ የተወለዱትን አለ ፈለገ ሰላምን እናገኛለን። እኚህ ሰው በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ጸሐፊው «ሰዓሊ ለመሆን ወደዚያ መግባት ነበረባቸው» የሚሉትን በር የከፈተው የሰሜን ሸዋ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልግባ። «ግልባጭ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ የከነከነኝ ነው። ሥዕሉ ሥርዓት እንዳለው አልክድም፤ የእመቤታችን ልብስ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ሥርዓት ያለው ነገር ሁሉ ግልባጭ ከሆነ ግን ቅኔም ግልባጭ ሊባል ነው፤ ቤቱ ተቆጥሮ፣ ዜማው ተለክቶ የሚዘረፍ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲሣል ብዙ ቀን ተመላልሼ አይቻለሁ። ሰዓሊው የቅኔ መምህር የነበሩ፣ በዕድሜ የገፉ መሪጌታ ናቸው። ሥዕሉን የሚሠሩት በመኖሪያ ቤታቸው ነው፤ አቡጀዲውን ወለል ላይ ወጥረው ሙጫና ጀሶ ቀብተው ያደርቁታል፣ በከሰል ይነድፋሉ፣ ቀለሙን ይሞላሉ፣ በመጨረሻ በጥቁር ቀለም መስመሩን ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጨርቁ ተጠቅልሎ ሄዶ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው። በዚያ ሰሞን የያዙት የስደቱን ታሪክ ነበር። እመቤታችን በአህያ ተቀምጣ ልጇን አቅፋለች፤ ዮሴፍ ከፊት፣ ሰሎሜ ከኋላ አሉ። ከበስተጀርባ ግን ያለው በረሃ አልነበረም፤ የመንዝ ጓሳ ነበር። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ደጋ የሚበቅለው ጅባራ፣ ረጅሙ ሣር፣ ጉሙ ሁሉ አለ።

«የኔታ፣ ግብፅ ውስጥ ጅባራ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ግብፅን አላየኋትም። ድንግል ልጇን ይዛ በብርድ ስትንከራተት ግን ብርዱን ከየት ላምጣው? የማውቀው ብርድ የጓሳ ነው» አሉኝ።

ከዚያው ሥዕል ጥግ በኩል ሁለቱ ሽፍቶች ጥጦስና ዳክርስ ነበሩ። ዳክርስ በጎን በአንድ ዓይን ተሥሎ አልቋል፤ የጥጦስ ፊት ግን ለብዙ ቀን ባዶ ቀርቶ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ጥጦስ በጌታ ቀኝ ተሰቅሎ ገነት የሚገባው በኋላ እንደሆነ፣ በስደቱ ጊዜ ግን ገና ሽፍታ እንደነበረ፣ ስለዚህ በሁለት ዓይን ቢሥሉት ታሪኩን መቅደም፣ በአንድ ዓይን ቢሥሉት ደግሞ የሚመጣውን መካድ እንደሚሆንባቸው ነገሩኝ። በመጨረሻ ፊቱን ከጎን ወደ ፊት በመዞር ላይ እንዳለ አድርገው ሣሉት፤ ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫው ወዲያ ገና ጫፉ ብቅ ብሏል። ይህን ከየትኛው መጽሐፍ ገለበጡት? እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ያየሁት አንድ ሰው ሥርዓቱን ከልቡ ስለሚያውቀው፣ ሥርዓቱ ዝም ያለበትን ቦታ አግኝቶ በዚያ ቦታ ሲያስብ ነው።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣለው ብዙው ሥዕል ከውጭ አገር ከታተሙ ሥዕሎች የተወሰደ ነው፤ ነጭ ፊት፣ ወርቃማ ጸጉር፣ የአውሮፓ ሰማይ። ነገር ግን ይህን የሚፈልገው ማን እንደሆነ አልጠየቁም። የሠሪ ኮሚቴ ወይም ስለት ያለበት ሰው በስልኩ ምስል ይዞ ይመጣና «ልክ እንደዚህ ይሁንልን» ይላል፤ ሰዓሊው ደግሞ ልጆች አሉት። መሪጌታም እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብለው የሠሩበት ጊዜ እንዳለ አልሸሸጉኝም። ግልባጩ ከገንዘቡ ጋር የሚመጣ ነው፤ የሰዓሊውን አሳብ ማጣት አያመለክትም።

ሦስተኛው፣ ሙያና ጥበብ የሚለው ክፍፍል ነው። እናቴ ዝተትና ባና የሚሠራበትን ሱፍ ስታዘጋጅ አድጌአለሁና እዚህ ላይ ስናገር ልቤ ሙሉ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ነጩ እንደተፈጠረ ነው የሚሠራው። እናቴ የተሸለተውን ሱፍ በረንዳ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ዘንበል እስኪል ድረስ ትለየው ነበር። ለእኔ ሁሉም ጥቁር ነበር። ለእርሷ ግን አንዱ በፀሐይ የተቃጠለ ጥቁር ነው፣ አንዱ ሲያረጅ የሚቀላ ነው፣ አንዱ የጠቦት ሱፍ ስለሆነ ጠልቆ የሚጠቁር ነው። በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ ለሸማኔው ስትሰጠውም ዝም ብላ አትሰጥም፤ ጥቁሩ ስንት ጣት ከሄደ በኋላ ቡናማው እንዲገባ፣ ነጩ ዳር ላይ ብቻ እንዲወጣ ትነግረው ነበር። አንድ ጊዜ ሸማኔው ነጩን ወደ መካከል አስገብቶ ሲያመጣው «ብርዱን አመጣህብኝ» ብላ መለሰችለት። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ነገሩን አልተረዳሁትም። ዛሬ ግን የቀለምን ሙቀትና ቅዝቃዜ ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩትን ወጣቶች ሳይ፣ እናቴ የምታወራው ስለዚሁ እንደነበረ ይገባኛል።

ስፌቱም እንዲሁ ነው። መሶብ የምትሰፋ ሴት ንድፍ በወረቀት አትይዝም፤ በስንደዶው ላይ አክርማውን እየጠመጠመች በወስፌ ስትወጋ፣ አለላው (ቀለም የተነከረው አክርማ) ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ስንት ላይ እንደሚገባ፣ ስንት ላይ እንደሚወጣ በልቧ ትቆጥራለች። አንድ ብትስት ከሦስት ዙር በኋላ ይታያል፤ ፈትታ ትመልሰዋለች።

ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ግን ከዚህ የከበደ ነገር ልናገር ይገባኛል። በአካባቢያችን ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ለብዙ ዘመን «ጠይብ» ተብለው ተሰድበዋል፣ «ቡዳ» ተብለው ተሸሽተዋል፤ የሠሩትን እንስራ ገዝቶ ውኃ የሚጠጣ ሰው ከእነርሱ ጋር ማዕድ አልቆረሰም። አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ጸሐፊው ሰው ለመስደብ እንዳልጻፉ አውቃለሁ። ነገር ግን «ይህ የእጅ ሙያ ነው፣ ጥበብ አይደለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእኛ አገር ከሜዳ አልመጣም፤ የሠራተኛውን እጅ ከአእምሮው ለይቶ የማየት የቆየ ልማድ አለው። የጀበና አንገት እስከምን ድረስ ቢቀጥን ቡናው ሲቀዳ እንደማይደፋ፣ ሆዱ ምን ያህል ቢሰፋ ከአንገቱ ጋር እንደሚያምር በመዳፏ ለክታ የምታወጣን ሴት ቀራፂ ላለማለት ምን ምክንያት አለን?

ወደ ዛሬዎቹ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጸሐፊው ይህችን መንገድ የችሎታ መለኪያ አደረጓት፤ የሄደ ሰዓሊ ነው፣ የቀረ የወደቀ ነው። ለማ ጉያ ቢሾፍቱ ተቀምጠው፣ በፍየል ቆዳ ላይ ሥለው፣ ሥራቸውን እዚያው ለሕዝብ ያሳዩ ሰው መሆናቸውን ያስታወሱ አይመስለኝም። መቅረት ምርጫም ይሆናል፤ እናቱ ታማበት የቀረ አለ፣ መሬት ይዞት የቀረ አለ፣ የሚሥለው ነገር እዚህ ስላለ የቀረ አለ።

ከማውቃቸው አንዷ ወጣት የምትሥለው ኩበት ነው። በብርዳማው ከተማችን ኩበት የማያውቅ ቤት የለም፤ የድንጋይ ካብ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ፣ ከደረቀ በኋላ እንደ ጎጆ ተከምሮ ሲከደን፣ ሴቶች በማለዳ ጉም ውስጥ ተሸክመውት ወደ ገበያ ሲወርዱ ትሥላለች። ሸራ መግዛት ስለማትችል አቡጀዲ በባሕር ዛፍ ፍሬም ላይ ወጥራ የግድግዳ ነጭ ቀለም በኮላ በጥብጣ ትቀባዋለች። አንድ ቀን ክምሩ ላይ የሚታየውን የጣት ምልክት ለብቻው አሳየችኝ። «ጋሼ፣ እያንዳንዱ ኩበት ላይ የጠፈጠፈችው ሴት እጅ አለ። የእናቴን ከጎረቤታችን እለየዋለሁ» አለችኝ። ሥዕሉን ካየሁ ወዲህ በየካቡ ሥር ሳልፍ የእጅ አሻራ አያለሁ። ጸሐፊው «የመነሳሳት ምንጭ የላቸውም» ሲሉ የት ቆመው አይተው ነው?

ችግሩ የሚያከራክር አይደለም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የማውቃቸው ሰዓሊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩት በካፌ ግድግዳ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ዳቦአቸውን ያገኙ የነበሩት ታፔላ በመጻፍ ነበር፤ ባነር የሚያትመው ማሽን ሲመጣ ያ ገቢ ቀረ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገድ እየተዘጋ እንግዳ ቀነሰ። ነገር ግን ድህነቱን ለችሎታ ማነስ ማስረጃ ማድረግ አይገባም። ገዢ የሌለበት ከተማ ሰዓሊ የለበትም ማለት አይደለም።

የመጨረሻው «ስማቸውን የሚያውቅ የላቸውም» የሚለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግርጌ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያወጣው ሰው ስም ነው፤ ሰዓሊው አይጻፍም፤ ራሱን ማስቀደም ስለሚመስልበት ብዙዎቹ አይፈልጉትም። ስደቱ ተሥሎ ባለቀ ማግስት መሪጌታ ቤት ነበርኩ። ጨርቁን ለመጠቅለል ከመገልበጣቸው በፊት ረዳታቸውን ወደ ውጭ ላኩት፤ ከዚያ በጀርባው በታችኛው ጥግ ላይ በቀጭን ብሩሽ «ሰዓሊ» ብለው የክርስትና ስማቸውን፣ ከሥሩም የሚስታቸውን ስም ጻፉ። ቀለሙን ያዘጋጁላቸው የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ በሙጫ ተለጥፎ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነ። ሁለቱ ስሞች አሁንም እዚያ ናቸው፤ ከሥዕሉ በስተኋላ፣ ከጭቃው ላይ።